ሶፍትዌሩ ተራግፎ አገልግሎቱ ሲቀር

የጀርባ አገልግሎት ምንነት

በኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሁሉ መስኮት የላቸውም። የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲከፈት በስክሪን ላይ ይታያል፤ ሲዘጋም ሥራው ያበቃል። ከዚህ ዓይነቱ ሌላ፣ ማንም ሳይከፍታቸው ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡና ምንም ሳያሳዩ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ወደ ማተሚያ የተላኩ ሰነዶችን ወረፋ የሚያስይዘው፣ የዊንዶውስን ማሻሻያ የሚያወርደው፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለው ሁሉ ከእነዚህ ይመደባሉ። በዊንዶውስ «ሰርቪስ» ይባላሉ፤ በዚህ ማብራሪያ «የጀርባ አገልግሎት» ወይም ባጭሩ «አገልግሎት» የሚለው ስም ተሰጥቷቸዋል።

አገልግሎት ከተራ ፕሮግራም በሁለት ነገር ይለያል። ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ከማስገባቱ በፊት ሥራ መጀመር ይችላል፤ ተጠቃሚው ወጥቶ ኮምፒውተሩ ባዶውን ቢቀመጥም ሥራው አይቋረጥም። በተጨማሪም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በተጠቃሚው ስም ሳይሆን ለሥርዓቱ በተመደበ መለያ ነው። ከእነዚህ መለያዎች ከፍተኛው «ሎካል ሲስተም» ሲሆን፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የማይደርስበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ አደጋው ሲነገር ተመልሶ ይነሣል።

አገልግሎቶችን የሚያስነሣውና የሚያቆመው «ሰርቪስ ኮንትሮል ማናጀር» (የአገልግሎቶች ተቆጣጣሪ የሆነ የዊንዶውስ ክፍል) ይባላል። ይህ አሠራር በ1993 ከወጣው ከዊንዶውስ ኤንቲ ጀምሮ በመሠረቱ አልተለወጠም።

አገልግሎቱ የሚመዘገብበት ቦታ

ተቆጣጣሪው የትኛውን አገልግሎት ማስነሣት እንዳለበት የሚያውቀው ከሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን ከሚያስቀምጥበት የመረጃ ቋት) ነው። በሬጅስትሪ ውስጥ ፎልደር የሚመስሉ ክፍሎች ቁልፍ ይባላሉ። «ኤችኬይ ሎካል ማሽን» በሚለው ሥር «ሲስተም»፣ በእሱ ሥር «ከረንት ኮንትሮል ሴት»፣ በእሱም ሥር «ሰርቪስስ» የተባለ ቁልፍ አለ። እያንዳንዱ አገልግሎት እዚህ የራሱ ቁልፍ ተከፍቶለታል።

በቁልፉ ውስጥ ጥቂት መስመሮች ይገኛሉ። «ኢሜጅ ፓዝ» የሚለው የፕሮግራሙ ፋይል ያለበትን አድራሻ ይይዛል። «ኦብጀክት ኔም» አገልግሎቱ በየትኛው መለያ እንደሚሠራ ይናገራል። «ስታርት» ደግሞ መቼ እንደሚነሣ በቁጥር ይገልጻል፤ 0 እና 1 ለድራይቨሮች የተመደቡ ሲሆኑ፣ 2 ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ፣ 3 ሲጠየቅ ብቻ እንዲነሣ፣ 4 ጨርሶ እንዳይነሣ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ዋና ነገር አገልግሎት ሁለት ነገር መሆኑ ነው፦ በዲስክ ላይ ያለ ፋይልና በሬጅስትሪ የሰፈረ መዝገብ። ሁለቱ በየፊናቸው የተቀመጡ ስለሆኑ አንዱ ሲጠፋ ሌላው በራሱ አይጠፋም። ፋይሉ ጠፍቶ መዝገቡ ሲቀር፣ ቤቱ ፈርሶ የቤት ቁጥሩ በቀበሌ መዝገብ ላይ እንደቀረ ያለ ነው። ተቆጣጣሪው መዝገቡን አምኖ ይሄዳል፤ ቦታው ላይ ሲደርስ ግን ቤቱ የለም።

ከማራገፍ በኋላ የመቅረቱ ምክንያት

ዊንዶውስ አብዛኛውን ሶፍትዌር በራሱ እጅ አያራግፍም። «አራግፍ» የሚለው ሲጫን የሚከናወነው፣ ሶፍትዌሩ ሲጫን ይዞት የመጣውን የማራገፊያ ፕሮግራም መጥራት ነው። ምን እንደሚጠፋና ምን እንደሚቀር የሚወስነውም ያንን ማራገፊያ የጻፈው ባለሙያ ነው። «ዊንዶውስ ኢንስቶለር» በተባለው መደበኛ ዘዴ የተዘጋጁ ሶፍትዌሮች የትኛው አገልግሎት ቆሞ እንደሚሰረዝ የሚገልጽ ሠንጠረዥ ስላላቸው አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ። በሌላ ዘዴ የተዘጋጁት የሚታመኑት ጸሐፊያቸው በተጠነቀቀው ልክ ብቻ ነው፤ ለመጫኛው የሚደረገው ጥንቃቄ ደግሞ ለማራገፊያው ሲደረግ ብዙም አይታይም።

ማራገፊያው በደንብ ተጽፎም ሥራው ሊሰናከል ይችላል። በመካከል መብራት ከጠፋ ፋይሎቹ ተሰርዘው መዝገቡ ሊተርፍ ይችላል። ሶፍትዌሩ በየጊዜው ሲሻሻል አዲሱ ዕትም በሌላ ስም ሌላ አገልግሎት ጨምሮ ከሆነ፣ የድሮውን ስም ብቻ የሚያውቅ ማራገፊያ አዲሱን አይነካውም። የጸረ ቫይረስ ሶፍትዌሮች ደግሞ ጎጂ ፕሮግራም እንዳያጠፋቸው ራሳቸውን የሚከላከሉበት ዘዴ አላቸው፤ ያ መከላከያ የራሳቸውን ማራገፊያ ሲያደናቅፍ የሚታይበት ጊዜም አለ። ከሁሉ የቀለለው ምክንያት ግን የሶፍትዌሩን ፎልደር በእጅ መሰረዝ ነው። ፎልደሩ ሲጠፋ ማራገፊያውም አብሮ ስለሚጠፋ፣ መዝገቡን የሚያነሣው አካል አይኖርም።

ሆን ተብሎ የሚቀርም አለ። አንድ ኩባንያ ያወጣቸው ብዙ ሶፍትዌሮች አንድ የማሻሻያ ወይም የፈቃድ መቆጣጠሪያ አገልግሎት በጋራ ሲጠቀሙ፣ አንዱ ሲራገፍ አገልግሎቱ ለሌሎቹ ሲባል ይቆያል። እንዲህ ያለውን እንደ ትርፍ ቆጥሮ መሰረዝ ያልተራገፈውን ሶፍትዌር ያሰናክላል።

የቀረ አገልግሎት የሚያደርሰው ጉዳት

ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ጥፋቱን በቀሩ አገልግሎቶች ላይ ማላከክ የተለመደ ነው። ፋይሉ የጠፋ አገልግሎት ግን ፍጥነትን አይቀንስም ማለት ይቻላል። ተቆጣጣሪው ሊያስነሣው ይሞክራል፤ ፋይሉን ያጣል፤ በኢቬንት ቪወር (የሥርዓቱ ክንውኖች በየሰዓታቸው በሚመዘገቡበት መስኮት) ላይ በቁጥር 7000 የሚታወቅ የስሕተት ማስታወሻ ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጉዳቱ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ተመሳሳይ ማስታወሻ እየተደረደረ እውነተኛውን ችግር ለሚፈልግ ሰው ዕንቅፋት መሆኑ ነው። ፋይሉም መዝገቡም የቀረ አገልግሎት ግን ከዚህ ይብሳል፤ ማኅደረ ትውስታ ይይዛል፣ ኢንተርኔት ይጠቀማል። ዋናው ሶፍትዌር ስለሌለም ማሻሻያ አይደርሰውም፤ የደኅንነት ቀዳዳው ሳይደፈን ይኖራል።

አሳሳቢው ጉዳይ ከሥልጣን ጋር የተያያዘው ነው። መዝገቡ «በዚህ አድራሻ ያለውን ፋይል በሎካል ሲስተም ሥልጣን አስነሣ» ይላል፤ በአድራሻው ግን ምንም የለም። አንድ ተራ ተጠቃሚ፣ ወይም በእሱ ስም የገባ ጎጂ ፕሮግራም፣ በዚያ አድራሻ በተመሳሳይ ስም የራሱን ፋይል ቢያስቀምጥ ተቆጣጣሪው ልዩነቱን አይመረምርም። ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ሲነሣ ያ እንግዳ ፋይል ከፍተኛውን ሥልጣን ለብሶ ይሠራል።

ይህ ሊሆን የሚችለው አድራሻው ያለበት ቦታ ለተራ ተጠቃሚ ክፍት ሲሆን ነው። «ፕሮግራም ፋይልስ» የተባለው ፎልደር ለአስተዳዳሪ ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ እዚያ የነበረ አገልግሎት በአብዛኛው አያሰጋም። በሲ ድራይቭ ሥር በቀጥታ የራሳቸውን ፎልደር ከፍተው የሚጫኑ ሶፍትዌሮች ግን ብዙ ናቸው። በዊንዶውስ ነባር ቅንብር ማንኛውም ተጠቃሚ እዚያ አዲስ ፎልደር መፍጠር ስለሚችል፣ የጠፋውን ፎልደር በስሙ መልሶ መሥራት አይከለከልም። እንግዲህ የቀረን አገልግሎት ለማጥፋት የሚያበቃው ቁም ነገር ፍጥነት ሳይሆን ይህ ነው።

የቀረውን ከሚሠራው መለየት

«ሰርቪስስ» የተባለው የዊንዶውስ መስኮት የአገልግሎቶቹን ዝርዝር ያሳያል፤ አንዱ ተመርጦ ባሕርያቱ ሲከፈቱ የፋይሉ አድራሻ ይነበባል። በዝርዝሩ ውስጥ ከመቶ በላይ ስም ሊኖር ስለሚችል ሁሉንም አንድ በአንድ መክፈት አድካሚ ነው። ለዚህ የሚመረጠው «አውቶራንስ» ነው። ማርክ ረሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል ያዘጋጁት ይህ ነጻ መሣሪያ፣ ማይክሮሶፍት ኩባንያቸውን በ2006 ከገዛ ወዲህ በማይክሮሶፍት ስም ይሰጣል። አውቶራንስ ፋይላቸው ያልተገኘ መዝገቦችን በቢጫ ያቀልማል፤ የማይክሮሶፍት የሆኑትን ከዝርዝሩ መደበቅም ያስችላል።

ቢጫው ቀለም ለመጠርጠር ይበቃል እንጂ ለመፍረድ አይበቃም። ከዊንዶውስ ጋር የመጡ፣ ፋይላቸው የሌለና ምንም ጉዳት የማያደርሱ መዝገቦችም በቢጫ ሊታዩ ይችላሉ። እነዚህን መተው ይሻላል። ስሙ፣ የአምራቹ ስምና የአድራሻው ፎልደር ሦስቱም ከተራገፈው ሶፍትዌር ጋር ሲገጥሙ ነው ነገሩ የሚረጋገጠው።

አንድ የተለየ ሁኔታም አለ። ብዙ አገልግሎቶች የራሳቸው ፕሮግራም ሳይኖራቸው «ኤስቪሲ ሆስት» በተባለ አንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ውስጥ ተጠልለው ይሠራሉ። በአድራሻቸው ላይ የሚነበበው የዚህ አስተናጋጅ ስም ስለሆነ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ የየራሳቸው ፋይል የተጻፈው «ፓራሜተርስ» በተባለው ንዑስ ቁልፍ ውስጥ «ሰርቪስ ዲኤልኤል» በሚለው መስመር ነው። አስተናጋጁን ራሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ መንካት ዊንዶውስን ያናጋል።

ከመሰረዝ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

በእጅ ከመሰረዝ በፊት የሚቀድም አማራጭ አለ። ሶፍትዌሩን እንደገና ጭኖ በወጉ ማራገፍ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ድካም ያጸዳል። ለጸረ ቫይረስ ደግሞ አምራቾቹ ራሳቸው ያዘጋጁት የማጽጃ መሣሪያ አለ፤ ማክአፊ፣ ኖርተን፣ አቫስትና ኤሴት ሁሉም አላቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊ ክፍሎቹን ብቻ ይዞ በሚነሣበት ሁኔታ) እንዲሠሩ ይመከራል፤ በዚያ ሁኔታ የጸረ ቫይረሱ ራስን የመከላከል ዘዴ ስለማይነሣ ማጽጃውን የሚያግደው አይኖርም።

ሬጅስትሪን በጅምላ እናጸዳለን የሚሉ ሶፍትዌሮች ግን ከእነዚህ አይቆጠሩም። ማይክሮሶፍት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን እንደማይደግፍ በይፋ አስታውቋል። ትርፍ ነው የሚሉትን የሚለዩት በግምት ሲሆን፣ ተሳስተው የሰረዙት አንድ መስመር ምን እንደሆነ ኋላ ለማወቅ ያስቸግራል።

በእጅ መሰረዝ ግድ ሲሆን፣ የአገልግሎቱ ቁልፍ አስቀድሞ ከሬጅስትሪ ኤዲተር ወደ ፋይል ይወጣል፤ ስሕተት ቢፈጠር ያ ፋይል መዝገቡን እንደነበረ ይመልሳል። የጥገኝነት ጉዳይም ይታያል። አንዱ አገልግሎት ሌላው ካልተነሣ የማይነሣ ሊሆን ይችላል፤ መደገፊያው ከተሰረዘ ተደጋፊው ስሕተት ቁጥር 1075 አሳይቶ ይቀራል። ጥርጣሬ ካለ አገልግሎቱን ሳይሰርዙ እንዳይነሣ ማድረግና ለጥቂት ቀናት መመልከት ይበቃል። በዚህ መሐል የተሰናከለ ነገር ከታየ በአንድ ጠቅታ ይመለሳል።

የመሰረዙ ሂደት

ቅደም ተከተሉ ማቆም፣ መዝገቡን መሰረዝ፣ ከዚያ ፋይሉን ማጥፋት ነው። በመሥራት ላይ ያለን ፋይል ዊንዶውስ ስለሚቆልፈው በቅድሚያ ፋይሉን ለማጥፋት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ቢጠፋም እንኳ ይህ ማብራሪያ የሚናገርለትን ችግር እንደገና መፍጠር ይሆናል።

ሥራው የሚከናወነው በአስተዳዳሪ ሥልጣን በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ነው። ትዕዛዙ «ኤስሲ» ሲሆን በላቲን ፊደላት ይጻፋል። ከእሱ ቀጥሎ «ስቶፕ» እና የአገልግሎቱ ስም ሲጻፍ አገልግሎቱ ይቆማል፤ «ዲሊት» እና ስሙ ሲጻፍ ይሰረዛል። ስም ሲባል ግን በዝርዝሩ ላይ የሚታየው ረጅሙ የማሳያ ስም አይደለም። እያንዳንዱ አገልግሎት በሬጅስትሪ ውስጥ ቁልፉ የተሰየመበት አጭር መጠሪያ አለው፤ ትዕዛዙ የሚቀበለው ያንን ብቻ ነው። በማሳያ ስሙ ከተጠራ «የተጠቀሰው አገልግሎት የለም» የሚል ስሕተት ቁጥር 1060 ይመለሳል። አጭሩ መጠሪያ በአገልግሎቱ ባሕርያት መስኮት አናት ላይ ይገኛል። የሥልጣን ጉድለት ሲኖር ደግሞ ስሕተት ቁጥር 5 ይታያል።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ በፓወርሼል (ከኮማንድ ፕሮምፕት የሰፋ የትዕዛዝ መስኮት) ውስጥ ነው። ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ፓወርሼል «ኤስሲ» የሚለው ፊደል ለሌላ ሥራ፣ በፋይል ውስጥ ጽሑፍ ለማስቀመጥ፣ የተሰጠ አጭር ስም ነው። የመሰረዣው ትዕዛዝ እዚያ ሲሰጥ ምንም ስሕተት አይታይም፤ አገልግሎቱም አይሰረዝም። የሚሆነው «ዲሊት» የተባለ፣ የአገልግሎቱን ስም የያዘ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል መፈጠር ነው። ዝም ያለ ትዕዛዝ እንደ ተሳካ ስለሚቆጠር ስሕተቱ ሳይታወቅ ይታለፋል። መፍትሔው ከ«ኤስሲ» በኋላ ነጥብና «ኢኤክስኢ» መጨመር ነው። ከ6ኛው ዕትም ወዲህ በወጡት የፓወርሼል ዓይነቶች ለዚሁ ሥራ «ሪሙቭ ሰርቪስ» የተባለ ራሱን የቻለ ትዕዛዝ አለ።

አገልግሎቱ ከተሰረዘ በኋላ የታስክ ሸጁለርን (ሥራዎችን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሣ የዊንዶውስ ክፍል) ዝርዝር መመልከት አይከፋም። የማሻሻያ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ እዚያም ቀጠሮ ይይዛሉ።

ተሰርዞም በዝርዝሩ ላይ የሚቆይበት ምክንያት

አንዳንድ ጊዜ የመሰረዣው ትዕዛዝ ተሰጥቶ አገልግሎቱ ከዝርዝሩ አይጠፋም፤ ትዕዛዙ ሲደገም «አገልግሎቱ ለመሰረዝ ምልክት ተደርጎበታል» የሚል ስሕተት ቁጥር 1072 ይመጣል። ይህ ጥፋት ሳይሆን የአሠራሩ ባሕርይ ነው። የመሰረዣው ትዕዛዝ ሲደርስ ተቆጣጣሪው በመዝገቡ ላይ ምልክት ያኖራል እንጂ ወዲያው አይፍቀውም። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ እሱን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ሁሉ ሲለቀው ነው መዝገቡ የሚጠፋው።

ከፍቶ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ስሙን ለማንበብ የተከፈተው የ«ሰርቪስስ» መስኮት ራሱ ነው። እሱን፣ ታስክ ማናጀርንና የኢቬንት ቪወርን መስኮት መዝጋት በአብዛኛው ይበቃል። ካልበቃም ኮምፒውተሩ ሲነሣ ምልክት ያለበት መዝገብ ሁሉ ይጸዳል። መዝገቡን በትዕዛዝ ሳይሆን ከሬጅስትሪ በእጅ መሰረዝም ቢሆን ኮምፒውተሩ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ውጤቱ አይታይም፤ ተቆጣጣሪው ዝርዝሩን ከሬጅስትሪ የሚያነበው ሲነሣ ስለሆነ፣ በመሐል የጠፋውን አያውቅም።

ድራይቨር ለብቻው የሚታይበት ምክንያት

ድራይቨር (ዊንዶውስን ከመሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) የሚመዘገበው ከአገልግሎቶች ጋር በአንድ ቁልፍ ሥር ነው፤ በ«ሰርቪስስ» መስኮት ውስጥ ግን አይታይም። የጸረ ቫይረስና የቪፒኤን ሶፍትዌሮች አገልግሎት ብቻ ሳይሆን ድራይቨርም ይተዋሉ። ከድራይቨሮቹ አንዳንዶቹ ማጣሪያ ናቸው፦ በቁልፍ ሰሌዳውና በዊንዶውስ መካከል፣ ወይም በዲስኩና በዊንዶውስ መካከል ገብተው የሚያልፈውን ሁሉ ይመለከታሉ።

ማጣሪያ ከራሱ መዝገብ ሌላ በሁለተኛ ቦታ ስሙ ይጻፋል፤ ይኸውም በመሣሪያው ዓይነት ቁልፍ ውስጥ «አፐር ፊልተርስ» ወይም «ሎወር ፊልተርስ» በተባለ መስመር ላይ ነው። የማጣሪያው መዝገብ ተሰርዞ ስሙ እዚያ ከቀረ፣ ዊንዶውስ የተጠቀሰውን ማጣሪያ ስለሚያጣ መሣሪያውን አያስነሣውም። የቁልፍ ሰሌዳ ከሆነ መጻፍ አይቻልም፤ የዲስክ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ሳይነሣ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙ ከመስመሩ ይወጣል፤ ሌሎች ስሞች አብረውት ካሉ ሳይነኩ ይቀራሉ፤ መዝገቡ የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ክፍል ልምድ ለሌለው ሰው የሚሻለው የአምራቹን ማጽጃ መጠቀም ወይም ባለሙያ መጥራት ነው።

በማክ እና በሊኑክስ ያለው ሁኔታ

በማክ ኮምፒውተር ሶፍትዌር የሚራገፈው ብዙውን ጊዜ ወደ ቆሻሻ መጣያው በመጎተት ስለሆነ ቅሪቱ የተለመደ ነው። መዝገቡ እዚያ ሬጅስትሪ ሳይሆን ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በ«ላይብረሪ» ፎልደር ውስጥ «ሎንች ዴመንስ» ወይም «ሎንች ኤጀንትስ» በተባለው ሥር ይገኛል። በ2022 ከወጣው ቬንቹራ ጀምሮ እነዚህ በቅንብር መስኮት ውስጥ ተዘርዝረው ስለሚታዩ የቀረውን ማግኘት ቀሏል።

በሊኑክስ የጥቅል አስተዳዳሪው (ሶፍትዌር የሚጭንና የሚያራግፍ የሥርዓቱ ክፍል) እያንዳንዱን ፋይል ማን እንዳመጣው ስለሚመዘግብ ችግሩ ይቀንሳል። ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ግን «ሪሙቭ» የሚለው ትዕዛዝ የቅንብር ፋይሎችን ሆን ብሎ ይተዋል፤ እነሱንም የሚያነሣው «ፐርጅ» ነው። በእጅ የተጫነ ሶፍትዌር ከሆነ አገልግሎቱ በ«ሲስተም ሲቲኤል» ትዕዛዝ ይቆምና እንዳይነሣ ይደረጋል፤ የአገልግሎቱ ፋይል ይሰረዛል፤ በመጨረሻም «ዴመን ሪሎድ» ተሰጥቶ ሥርዓቱ ዝርዝሩን እንደገና ያነባል።